የሎሚ ገመድ፦ ከሆለታ እስከ መናገሻ ሱባ

ዓርብ ከሰዓት በኋላ

ወንድም ጋሼ ከዱባይ ለዕረፍት ከመጣ ሁለተኛ ሳምንቱን ይዟል። የጠያቂው ብዛት፣ የቀረበለት ዶሮ ወጥ፣ "ብላ እንጂ!" የሚለው ጭቅጭቅ አድክሞታል። "እታለም፣ እባክሽ ሰው የማይበዛበት ቦታ ውሰጂኝ" ሲለኝ እንስሳ ኮቴ ትዝ አለኝ። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሆለታ አቅጣጫ የሚገኝ፣ ከሰው እጅ የተወሰዱ የዱር እንስሳት የሚያገግሙበት ማዕከል ነው። ቦርን ፍሪ የተባለው ድርጅት ከመንግሥት የዱር እንስሳት ባለሥልጣን ጋር በመተባበር በ77 ሄክታር መሬት ላይ ያቋቋመው ነው። እንደ መናፈሻ ዘው ተብሎ ስለማይገባበት አስቀድሜ ደውዬ ለቅዳሜ ጠዋት ቀጠሮ ያዝኩ።

የመጀመሪያው ክርክራችን በስሙ ላይ ነበር። ወንድም ጋሼ መኪናው ውስጥ ገና ሳይደላደል "አንበሳ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ኮቴ ያበቀለው?" አለ። "ኮቴ ያለው ፈረስ ነው፤ በሬ ነው። አንበሳ መዳፍ ነው ያለው።" ልክ ነው። ይሁን እንጂ ኮቴ ድምፅም ነው፤ ሰውየው ሳይታይ ኮቴው ይሰማል። ሌባም ቢሆን ኮቴውን አጥፍቶ ነው የሚገባው። ይህንን እያስረዳሁት አስኮን አለፍን። ያመነኝ አይመስለኝም። እሱ እኔን በክርክር ረትቶ የማያውቅ፣ ተረትቶም የማያውቅ ሰው ነው።

ከቡራዩ በኋላ ዝናቡ ያዘን። መስከረም እያለቀ ነው፤ ክረምቱ ግን ገና ጓዙን ጠቅልሎ አልወጣም። የገፈርሳ ግድብ ውኃ ከሰማዩ ጋር አንድ ዓይነት አመድማ ቀለም ይዞ ተኝቷል። በመንገዱ ግራና ቀኝ አደይ አበባው አለ። ወንድም ጋሼ መስኮቱን ከፍቶ እጁን ዝናቡ ላይ ዘረጋ፤ እስክንደርስም መልሶ አልዘጋውም። የመኪናው ወንበር ራሰ። ምንም አላልኩትም፤ አሥራ አራት ዓመት በረሃ ውስጥ የኖረ ሰው ነው።

ሆለታ የደረስነው ሊመሽ ሲል ነው። ከተማዋን አብዛኛው ሰው የሚያውቃት በጦር ትምህርት ቤቷ ነው፤ ገበሬው ደግሞ በግብርና ምርምሯ ያውቃታል። እኛ ያወቅናት በብርዷ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ያረፍንበት ሆቴል የሰጠን ብርድ ልብስ ደግሞ አንድ ብቻ ነበር።

እራት ላይ ወንድም ጋሼ ስልኩን አውጥቶ ለአስተናጋጁ ፎቶግራፉን አሳየው። ይህንን ፎቶግራፍ ያላየ ዘመድ የለንም። ወንድሜ ያኔ በአንድ ትልቅ ቤት ሾፌር ነበር። በነጭ መኪና የፊት ወንበር ላይ ጉርምስና ያልደረሰ አቦ ሸማኔ ተቀምጧል፤ አንገቱ ላይ የሚያብለጨልጭ ሰንሰለት አለ። ወንድሜ በሩን ከፍቶ ሰንሰለቱን ይዞ ይስቃል። እናታችን ፎቶግራፉን አሳጥባ ሳሎን ሰቅላዋለች። አስተናጋጁ "አይናከስም?" አለ። "ከድመት አይብስም" አለ ወንድም ጋሼ፤ ሁልጊዜም የሚመልሰው ይህንኑ ነው።

አንበሳ ሲያገሳ እስከ 8 ኪሎ ሜትር ድረስ ይሰማል ይባላል። ሌሊት መስኮቱን ገርበብ አድርጌ ጆሮዬን ጣልኩ። የሰማሁት ከታች ያለውን ቡና ቤት ሙዚቃና የአንድ ሰካራም ለቅሶ ነው።

ቅዳሜ

ጠዋት ጭጋግ ነበር። በሩ ላይ የተቀበለን አስጎብኚ ወጣት ነው፤ ቦት ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ በጭቃ ተለስኗል። ከሰላምታው ቀጥሎ የመጣው ሕጉ ነው፦ አይነካም፣ አይመገብም፣ አይጮኽም፣ ወደ ሽቦው አይጠጋም። ወንድም ጋሼ "ወታደር ቤት አደረጋችሁት" ብሎ ቀለደ። ወጣቱ ሳቀና "ጋሼ፣ እነሱ በሰው እጅ በቂ ጊዜ ኖረዋል። እዚህ ደግሞ ከሰው ነው የሚያርፉት" አለው።

መካነ አራዊት አይደለም፤ ይህንን ለመረዳት ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። በልጅነታችን ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ስንመጣ ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ወስደውናል። እዚያ አንበሳው ክብ አጥሩ ውስጥ ከፊትህ ነው፤ ገንዘብ ከፍለህ ልታየው መጥተሃል፣ እሱም ይታያል። እዚህ አጥሩ ሰፊ ነው፤ ውስጡ ቁጥቋጦና ሣር አለ፤ እንስሳው ካልፈለገ አይታይም። የመጀመሪያው አጥር ጋር አሥር ደቂቃ ቆመን ያየነው የሚወዛወዝ ሣር ብቻ ነበር። ወንድም ጋሼ ሰዓቱን አየ። እኔ ግን ይህ ነገር ደስ አለኝ፤ ለምን እንደሆነ ወዲያው አልገባኝም።

ከዚያ ጦጣዎቹ ጋር ደረስን።

እዚህ ላይ ስለ ሎሚ መናገር አለብኝ። አባታችን የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። አንድ ቀን ከኤረር ጣቢያ ሲመለስ በካልሲ ውስጥ የጡጫ ያህል የምታህል ጦጣ ይዞ መጣ፤ አንድ ልጅ ባቡሩ መስኮት ሥር ይሸጣት ነበር። ሎሚ አልናት። ድሬዳዋ ከዚራ፣ ማንጎው ሥር፣ ወገቧ በገመድ ታስሮ አራት ዓመት ከእኛ ጋር ኖረች። ፓፓያ ትወዳለች። ፀጉሬን እየፈለፈለች ቅማል ትፈልግልኛለች፤ ባይኖርም አታዝንም። ገመዱ ወገቧ ላይ ፀጉሯን ጨርሶት ቆዳዋ እንደ ቀበቶ ጠቁሮ ነበር። ያንን ጥቁር ቀበቶ ለብዙ ዓመት ተፈጥሮዋ ይመስለኝ ነበር። ስድስት ዓመት ሲሞላኝ፣ ወደ አዲስ አበባ ልንዛወር አንድ ሳምንት ሲቀረን፣ ገመዷን በጥሳ ጠፋች። ዱር ገባች ተባልኩ። ለራሴ ልጆች የምነግራቸው የመኝታ ተረት ይኸው ነው፦ ገመዷን በጥሳ ዱር የገባች ጦጣ።

አስጎብኚው ከሽቦው ወዲያ በቅርንጫፍ ላይ የተደረደሩትን እያሳየን ከየት እንደሚመጡ ነገረን፤ ከሆቴል ግቢ፣ ከቡና ቤት በር፣ ከመኖሪያ ቤት። አብዛኞቹ እናታቸው ተገድላ በጨቅላነታቸው የተያዙ ናቸው፤ ልጅ ያዘለች ጦጣ በሕይወት እያለች ልጇን አትሰጥምና። እኔ ይህንን አላውቅም ነበር። ካልሲው ውስጥ የነበረችው ሎሚ ከመያዟ በፊት ምን እንደሆነ በአርባ ዓመቴ ሰማሁ ማለት ነው።

"ጦጣ ለነብር የምትጮኸው ጩኸትና ለንስር የምትጮኸው ጩኸት ይለያያል" አለ ወጣቱ። "ለእባብም የራሱ አለው። ነብር ሲባል ዛፍ ላይ ይወጣሉ፤ ንስር ሲባል ወደ ቁጥቋጦ ይገባሉ፤ እባብ ሲባል በሁለት እግራቸው ቆመው ሣሩን ያያሉ። ግልገሏ መጀመሪያ ላይ ትሳሳታለች፤ የወደቀ ቅጠል አይታ የንስሩን ትጮኻለች። ከትልልቆቹ እያየች ነው የምታስተካክለው።"

"ብቻዋን ያደገችስ?" አልኩት።

"ብቻዋን ያደገች ከማን ታያለች? ለዚህ ነው አንዷን ብቻ ወስደን ጫካ የማንለቃት። መጀመሪያ ከሌሎች ጋር ትለማመዳለች፤ ቡድን ይሆናሉ፤ የሚለቀቁ ከሆነም አብረው ነው።"

ሎሚ የምትጮኸው ሙቀጫ ሲወቀጥ ነበር። ሌላ የምትፈራው ነገር ትዝ አይለኝም። ይህንን ልነግረው ወደ ወንድም ጋሼ ዞር ስል ከእኛ ርቆ ሄዷል፤ ጀርባውን ሰጥቶን የአጥሩን ምሰሶ ያያል።

ዔሊዎቹ ከኮንትሮባንድ የተያዙ ናቸው። ጭላዳዎቹ ሣር ይነጫሉ፤ ደረታቸው ላይ ያለው ቀይ ቆዳ በጭጋጉ ውስጥ እንኳ ያበራል። ከኢትዮጵያ ሌላ የትም አገር የሌሉ እንስሳት ናቸውና ከዚህ የተሻለ ልጽፍላቸው ይገባ ነበር፤ ሐሳቤ ግን ከጦጣዎቹ ጋር ቀርቶ ነበር።

አቦ ሸማኔዎቹ ጋር ስንደርስ ጭጋጉ ተገፍፎ ፀሐይ ወጣ። ሁለቱ ከፍ ባለ አፈር ላይ ጎን ለጎን ተጋድመው ፀሐይ ይሞቃሉ። ከዓይናቸው ሥር እስከ አፋቸው የሚወርደው ጥቁር መስመር አልቅሶ ፊቱን ያልታጠበ ልጅ ያስመስላቸዋል። አንዱ ድምፅ አሰማ። አቦ ሸማኔ አያገሳም፤ ጫጩት የጠፋች ያህል ነው የሚጮኸው። እንደዚያ የሚፈራ እንስሳ እንደዚያ ያለ ቀጭን ድምፅ ሲያወጣ ሰው ሳያስበው ዙሪያውን ወፍ ይፈልጋል።

ታሪካቸውን ወጣቱ ብዙ ጊዜ እንደተናገረ ሰው ሳይሆን ገና እንደሚያናድደው ሰው ነው የሚናገረው። እናት አቦ ሸማኔ አደን ስትወጣ ግልገሎቿን ሣር ውስጥ ትደብቃለች። ፍየሉን የተበላበት አርብቶ አደር ወይም ነጋዴ የላከው ሰው ያገኛቸዋል። በሶማሌ ክልል አድርገው፣ በሶማሌላንድ ጠረፍ በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመን ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ይሻገራሉ። በዚህ ሥራ ላይ ያሉ ድርጅቶች ከአፍሪካ ቀንድ በዓመት 300 ያህል ግልገል እንደሚወጣ ይገምታሉ። በመላው ዓለም በዱር የቀሩት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት እንደገመተው 7,100 ገደማ ብቻ ናቸው። ከተያዙት ውስጥ ብዙዎቹ መንገድ ላይ ያልቃሉ። በኬላ ላይ ተይዘው ከተረፉት አንዳንዶቹ እንዲህ ያለ ቦታ ይመጣሉ።

"ታዲያ ሲያድጉ ለምን አትለቋቸውም?" አልኩት። ጥያቄውን የማይጠይቅ ጎብኚ የለም መሰለኝ፤ መልሱ ዝግጁ ነበር። ግልገሉ ከእናቱ ጋር ዓመት ተኩል ያህል ይኖራል፤ ማድባትን፣ ማነቅን፣ ከጅብ መሸሽን የሚማረው በዚያ ጊዜ ነው። ይህ ሳይሆን ሲቀር እንስሳው መሮጥ ብቻ ነው የሚችለው። ይባስ ብሎ ሰውን አይፈራም። ሲርበው ወደ ሰው መንደር ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ማንም ያውቃል። ማዕከሉ እንዲዋለዱም አያደርግም፤ አጥር ውስጥ የሚወለድ ግልገል የሚወርሰው አጥሩን ነውና።

በዚህ መሐል ወንድም ጋሼ ስልኩን አወጣ። ደነገጥኩ። እዚህም ሊያሳይ ነው? አሳየ። ግን እንደ ትናንቱ አይደለም፤ ሐኪም ፊት እንደ ቆመ ሰው ዝም ብሎ ዘረጋለት።

ወጣቱ ስልኩን ተቀብሎ ፎቶግራፉን በሁለት ጣቱ ከፈት አደረገው። ሰንሰለቱን ያያል ብዬ ነበር። እግሩን ነው ያየው። "የፊት እግሮቹን አዩልኝ ጋሼ" አለ። አየን። አሥር ዓመት ሙሉ ሳሎን ተሰቅሎ ያየሁት ፎቶግራፍ ነው፤ እግሩን ግን አላየሁትም ነበር። ከጉልበቱ በታች ወደ ውጪ ቀስት ሠርቷል። "ሥጋ ብቻ ነው የሚበላው፤ አጥንት አይሰጡትም። ካልሲየም ሲያጣ አጥንቱ ይለሰልስና የራሱን ክብደት መሸከም ያቅተዋል። ስንት ወሩ ነበር?"

"እንጃ" አለ ወንድም ጋሼ። "ዶሮ ነበር የሚሰጡት። ታጥቦ፣ አጥንቱ ወጥቶ። እኔ ነበርኩ ከገበያ የማመጣው።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ አንድ ቀን ቀረ። አልጠየቅኩም።"

ወጣቱ ምንም አልፈረደበትም። እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ እዚያ አገርም አደገኛ አውሬ በግል ቤት ማኖር በሕግ እንደተከለከለ፣ በእኛም አገር አዋጅ ቁጥር 541/1999 የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝ እንደሚያስጠይቅ ነገረንና መንገድ ቀጠልን። ወንድም ጋሼ ስልኩን ኪሱ ለመክተት ሁለት ጊዜ ስቶ ሦስተኛው ላይ ነው የተሳካለት።

አንበሶቹን ያየናቸው መጨረሻ ላይ ነው። እዚህ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ከሶማሊያ ድንበር አጠገብ ከዶሎ ኦዶ የመጣ አንበሳ ነበር፤ ዶሎ ብለው ነው የጠሩት። ሲያገኙት በአጭር ሰንሰለት ታስሮ ነበር። ጋማው አልቆ አንገቱ ተልጧል፤ ዓይኑም ከማየት የማያይበት ይበዛ ነበር። እዚህ መጥቶ ሥጋና ሰላም ሲያገኝ ጋማው ተመልሶ በቀለ። ዓይኑ አልተመለሰም። ወጣቱ ይህንን እየተናገረ ሳለ ከቁጥቋጦው ውስጥ አንድ ወንድ አንበሳ ተነሣ፣ ጋማው እስከ ሆዱ ሥር ጥቁር ነው፣ ወደ እኛ አንድ ጊዜ አየና ዞሮ ተኛ። ያ ጥቁር ጋማ በከንቱ አይደለም የሚወራለት፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት የአዲስ አበባውን አንበሳ ግቢ 15 አንበሶች መርምሮ በዘር ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች የተለዩ ሆነው አግኝቷቸዋል። የዚህኛው ዘር የትኛው እንደሆነ አልጠየቅኩም። እኔ የማየው አንገቱን ነበር።

ከመውጣታችን በፊት በአውቶቡስ የመጡ የትምህርት ቤት ልጆች ሲገቡ አገኘናቸው። አንዷ መምህሯን "ቲቸር፣ ጦጣ ቤት ወስዶ ማሳደግ ይቻላል?" ስትል ሰማኋት። መልሱን ሳልሰማ መኪናው ተነሣ። አዲስ አበባ እስክንገባ አልተነጋገርንም። የመኪናው ወንበር ገና አልደረቀም ነበር።

እሑድ

በዕቅዳችን እሑድ የዕረፍት ቀን ነበር። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወንድም ጋሼ በሬን አንኳኳ። "በዱር ያለ እንስሳ ማየት እፈልጋለሁ" አለ፤ "አጥር የሌለው።" በጂማ መንገድ ሰበታን አልፈን መናገሻ ሱባ ገባን።

ይህ ደን በወጨጫ ተራራ ወገብ ላይ ነው። ሲነገር እንደኖረው በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው አስተክለውታል። ጫፋቸውን ለማየት አንገት የሚያስቀለብሱ ጥዶች አሉ፤ ዝግባ አለ፤ ከፍ ሲባል ኮሶ አለ። መሬቱ በወደቀ ቅጠል ስለተነጠፈ የራስን ኮቴ እንኳ መስማት ይቸግራል። ይህንን ለወንድም ጋሼ ነገርኩት፤ ኮቴ የሚለውን ቃል ሰምቶ ፈገግ አለ።

አንድ ሰዓት ያህል ወጥተን ጉሬዛዎቹን አገኘናቸው። ስድስት ወይም ሰባት ነበሩ። ከአንዱ ጥድ ወደ ሌላው ሲወረወሩ ነጩ ካባቸው ተዘርግቶ ይከተላቸዋል። አንዷ እናት ጭንቅላታችን ላይ በቅርንጫፍ ተቀምጣለች፤ ደረቷ ላይ የተጣበቀው ልጇ ከላይ እስከ ታች ነጭ ነው። ጉሬዛ ሲወለድ ጥቁር የለበትም። ትንሹ እጁ የእናቱን ፀጉር ጨብጦ ይዟል፤ ስትዘልም፣ ስታርፍም፣ ስታክም አይለቅም።

ወንድም ጋሼ የወደቀ ግንድ ላይ ተቀመጠ።

"ሎሚ ገመድ አልበጠሰችም" አለ።

ዝም አልኩ።

"እማማ ልንዛወር ስንል ለአንድ ቡና ቤት ልትሰጣት ተስማምታ ነበር። በሩ ላይ ሊያስሯት። እኔ ሌሊት ፈትቼ ደቻቱ ወረድኩ፤ ደረቅ ነበር አሸዋው። ከዚያ ማዶ ሾላ ዛፍ አለ፣ ታስታውሻለሽ? እዚያ ላይ አስቀምጫት ዞርኩ። ተከተለችኝ። መልሼ አስቀመጥኳት፤ ተከተለችኝ። ሊነጋ ነው። ምን ላድርግ? ድንጋይ አነሣሁ።"

"መታሃት?"

"መጀመሪያ አጠገቧ ነበር የምወረውረው። መጫወት መሰላት፤ ድንጋዩን አንሥታ አመጣችልኝ።" እጁን ፊቱ ላይ አሳለፈ። "ከዚያ መታኋት። ቆመች። በሁለት እግሯ ቆማ አየችኝ። ከዚያ በኋላ አንገቴን አላዞርኩም።"

ላጽናናው ፈለግኩ፤ የሚሆን ቃል አላገኘሁም። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር። ትናንት በጦጣዎቹ አጥር ዘንድ ጀርባውን ሰጥቶን የቆመው ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። "ብቻዋን ያደገች ከማን ታያለች?" የሚለውን መልስ ያስመለሰው ደግሞ የእኔው ጥያቄ ነበር።

"ዱር ገባች ያልሽው እኮ አንቺ ነሽ" አለኝ። "ጠዋት ገመዱን አይተሽ 'ሎሚ ዱር ገባች!' ብለሽ ጨፈርሽ። ማን ደፍሮ ሌላ ይንገርሽ?"

ጉሬዛዎቹ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ሄዱ። እኛ ወደ ታች ወረድን። በሩ ላይ ያለው የጥበቃ ሠራተኛ ጋቢውን ተከናንቦ ከድንጋዩ ላይ ሳይነሣ "ጉሬዛ አያችሁ?" አለን።

"አየን አባቴ" አለ ወንድም ጋሼ፤ "ከነልጇ።"